ዮጋ ስሠራ ወገቤና የእጄ አንጓ ያመኛል፤ ልተወው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «41 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው የምሠራው። ጠዋት ስነሳ ወገቤ ደርቆ ይይዘኛል። ዮጋ ይጠቅምሃል ስባል ከቪዲዮ እያየሁ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ መሥራት ጀመርኩ። ጎንበስ ስል ግን እጄ ከጉልበቴ ትንሽ ወረድ ይላል እንጂ የእግሬን ጣት አይነካም፤ ለማስነካት በታገልኩ ማግስት ደግሞ ወገቤ ይብስበታል። እጅና እግር መሬት ላይ ተተክሎ መቀመጫ ወደ ላይ የሚነሳበት ፖዝ የእጄን አንጓ ያመኛል። ሰውነቴ ለዮጋ አይሆንም ማለት ነው? የትኞቹን ፖዞች፣ በምን ቅደም ተከተል ልሥራ? የሚባለው ጥቅምስ እውነት ነው?»

ሰውነትዎ ለዮጋ ይሆናል። እንዲያውም ዮጋ በደንብ ከተሠራ ብዙ የሚጠቀመው እንደ እርስዎ ውሎው ወንበር ላይ የሆነ ሰው ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬም ሆነ ዮጋ በማስተምርበት ክፍል ይህንኑ የወገብና የእጅ አንጓ ሕመም ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ችግር ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ቪዲዮው ላይ ያዩትን ቅርጽ ለመያዝ ሲጣጣሩ መታጠፍ ያለበት ቦታ አልታጠፍ ይላል፤ ያኔ ሌላው በእሱ ፈንታ ይታጠፋል። በማግስቱ የሚያመውም ያ በሌላው ፈንታ የሠራው ክፍል ነው።

ቪዲዮ እንዳለ መከተል ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ፖዞቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይረዳል። ዛሬ በየቦታው የሚሠሩት ብዙዎቹ የቁም ፖዞችና ቅደም ተከተሎች የተቀረጹት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በዚህ ረገድ ትልቁ አሻራ በ1930ዎቹ በሕንድ ማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምር የነበረው የክሪሽናማቻርያ ነው። እዚያ ያስተምራቸው የነበሩት ደግሞ በአብዛኛው ታዳጊ ወንዶች ነበሩ። ለታዳጊ ልጅ ታስቦ የተሰደረ እንቅስቃሴ ለ41 ዓመት ሰው ሲሰጥ መስተካከሉ ግድ ነው። ክሪሽናማቻርያ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ ነው ያረፈው፤ በኋለኛው ዘመኑ አጥብቆ ያስተምር የነበረውም ፖዙ እንደ ሰውየው ዕድሜና አቅም መስተካከል እንዳለበት ነበር። ስለዚህ ጉልበት ማጠፍ፣ ወንበር መደገፍ፣ ቀበቶ መጠቀም እንደ ድክመት አይቁጠሩት። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው።

አሁን ወደ ጎንበሱ ልምጣ፤ ዋናው ችግርዎ እሱ ነውና። ከጭን ኋላ ያሉት ረጃጅም ጡንቻዎች የሚነሱት ስንቀመጥ ወንበሩን ከሚነካው አጥንት ነው፤ ከዚያ ጉልበትን አልፈው ከታች ይያያዛሉ። ቆመን ጎንበስ ስንል የዳሌ አጥንት ወደ ፊት መዞር አለበት። እነዚህ ጡንቻዎች ጠንካራና አጭር ሲሆኑ ግን ዳሌውን ከታች ጨምድደው ይይዙታል። ዳሌው ካልዞረ የጎደለውን የሚሞላው ወገብ ነው፤ እየጎበጠ ይሄዳል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ለስላሳ ትራሶች (ዲስኮች) እና ከጀርባ ያሉት ጅማቶች ከአቅማቸው በላይ ይወጠራሉ።

ይህን በራስዎ ላይ ማየት ይችላሉ። ቆመው ሁለቱን እጆችዎን ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ ጎንና ጎን ባለው የዳሌ አጥንት ላይ ያሳርፉ፤ አውራ ጣት ወደ ኋላ፣ አራቱ ጣቶች ወደ ፊት። ጉልበትዎን ሳያጥፉ በዝግታ ጎንበስ ይበሉ። መጀመሪያ ላይ አጥንቱ ከእጅዎ ሥር ይዞራል፤ ከሆነ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጨምሩት ጎንበስ በሙሉ የወገብ ነው። አሁን እዚያው እንዳሉ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። ዳሌው እንደገና ሲዞር በእጅዎ ይሰማዎታል፤ የወገቡም ውጥረት ይረግባል። ቪዲዮው ሊያሳይዎ ያልቻለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የሚያሳየው ሰው ጡንቻ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱን ማጠፍ አያስፈልገውም።

እንግዲህ የቁም ጎንበስ (ኡታናሳና) ሲሠሩ እግርዎን በዳሌ ስፋት ከፍተው ሆድዎ ጭንዎን እስኪነካ ድረስ ጉልበትዎን ያጥፉ። እጅዎን መሬት ላይ ለማድረስ አይድከሙ፤ ወንበር ላይ ቢያሳርፉት በቂ ነው። ከዚያ ሆድና ጭን ሳይለያዩ መቀመጫዎን በትንሹ ወደ ላይ እያነሱ እግርዎን ለመዘርጋት ይሞክሩ። ሆድዎ ከጭንዎ ሊለቅ ሲል እዚያ ላይ ይቁሙ፤ የዛሬው ልክዎ ያ ነው። ውጥረቱ ከጭን ኋላ መሐል ላይ ሊሰማ ይገባል። ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር ወይም ከጉልበት ኋላ ጫፉ ላይ ከተሰማዎት ጅማቱን እየጎተቱት ስለሆነ ቀነስ ያድርጉ። እስከ እግር መዳፍ የሚወርድ መንዘር ወይም መደንዘዝ ከተሰማዎት ደግሞ እየተጎተተ ያለው ነርቭ ነው፤ ወዲያው ይተዉት።

ለእርስዎ ግን ከቁም ጎንበስ ይልቅ በጀርባ ተኝቶ በቀበቶ የሚሠራውን እመርጥልዎታለሁ። በጀርባዎ ይተኙ፤ አንዱን ጉልበት አጥፈው የእግሩን መዳፍ መሬት ላይ ይተዉት። የሌላውን እግር ውስጠኛ በቀበቶ ወይም በረጅም ፎጣ ይያዙና እግሩን ወደ ጣሪያ ያንሱ፤ ጉልበቱ በጥቂቱ ቢታጠፍ ችግር የለውም። ወገብዎን መሬቱ ስለሚደግፈው ሊጎብጥ አይችልም፤ ሥራው በሙሉ ለጡንቻው ይተርፋል። በየእግሩ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ መግፋት ጡንቻውን ያስቆጣዋል እንጂ አያስረዝመውም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ከአልጋ እንደወረዱ እሠራለሁ ብለዋል። ሌሊት ተኝተን ሳለ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ፈሳሽ መጥጠው ይነፋሉ፤ ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። የተነፋ ዲስክ ባለበት ሰዓት በኃይል ጎንበስ ማለት ከሌላው ሰዓት ይልቅ ወገብን ይጫናል። ስለዚህ ከተነሱ በኋላ ባለው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጥልቅ ጎንበስ አይሥሩ። ጠዋት ካልሆነ ጊዜ የለኝም ካሉ ትንሽ ይራመዱ፣ ይታጠቡ፣ ከዚያ ይጀምሩ፤ ጎንበሱንም መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ይህን ብቻ በማስተካከል ሕመማቸው የቀነሰላቸው ሰዎች አይቻለሁ።

የእጅ አንጓውን ወዳሳመመዎት ፖዝ እንሂድ፤ ቁልቁል የሚያይ ውሻ (አዶ ሙካ ሽቫናሳና) ይባላል። እኔ ይህን ፖዝ በጣም እወደዋለሁ፤ ትከሻን፣ ጀርባንና የእግርን ኋላ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ ክንድንም ያጠነክራል። ነገር ግን የቁም ጎንበስን ያበላሸው ያው የጭን ጡንቻ ይህንንም ያበላሸዋል። ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ተረከዙን መሬት ለማስነካት የሚታገል ሰው ዳሌው ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል ክብደቱ ወደ ፊት፣ ወደ እጁ ይመጣል። አንጓው ያንን ሁሉ ክብደት ወደ ኋላ ታጥፎ ይሸከማል። መፍትሔው የሚጀምረው ከእግር ነው፦ ጉልበትዎን በደንብ ያጥፉ፣ ተረከዝዎን ከመሬት ያንሱ፣ መቀመጫዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይግፉ። ከእጅዎ ላይ ክብደት ሲቀንስ ወዲያው ይሰማዎታል። ተረከዝ መሬት መንካቱ የፖዙ ግብ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይነካላቸው ግሩም አድርገው የሚሠሩ አሉ።

ከዚያ መዳፍዎን ይመልከቱ። ጣቶች ተዘርግተው የተከፈቱ ይሁኑ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ክብደቱን በትንሿ ጣት በኩል ወዳለው የመዳፍ ጠርዝ ያጋድላል፤ የጠቋሚ ጣቱ ሥር ከመሬት ይነሳል፤ በሥሩ ወረቀት ቢያስገቡ ያልፋል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጠቋሚ ጣትንና የአውራ ጣትን ሥር መሬት ላይ ይጫኑ፣ የጣቶቹን ጫፍ ደግሞ መሬቱን እንደሚቧጥጥ ሰው በጥቂቱ ያጥብቁ። አሁንም ካመመዎት የተጣጠፈ ፎጣ ከመዳፍዎ ተረከዝ ሥር ያድርጉ፤ መዳፉ ከጣቶቹ ከፍ ስለሚል አንጓው የሚታጠፍበት መጠን ይቀንሳል። ይህም ካልረዳ ፖዙን ግድግዳ ላይ ይሥሩት፦ ሁለት እጅዎን በደረት ቁመት ግድግዳ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ይራመዱ፣ ጀርባዎ እንደ ጠረጴዛ እስኪዘረጋ ድረስ። የሚዘረጋው ሁሉ ያው ይዘረጋል፤ አንጓው ግን ያርፋል። አምስት ረጅም ትንፋሽ ይቆዩ፤ ትንፋሽዎ መቆራረጥ ከጀመረ ይውረዱ።

ሌሎቹን ፖዞች ስመርጥልዎ የማስበው ወንበሩ ከሰውነትዎ ላይ የወሰደውን ነው። ሲቀመጡ ከዳሌ ፊት ለፊት፣ በብሽሽት በኩል ያሉት ጡንቻዎች ያጥራሉ፤ የመቀመጫ ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ፤ የላይኛው ጀርባ ይጎብጣል። ለመጀመሪያው ዝቅተኛው እርምጃ (አንጃኔያሳና) አለ፦ አንድ ጉልበት መሬት ላይ፣ ሌላው እግር ፊት ለፊት በ90 ዲግሪ ታጥፎ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ወደ ፊት መዘንበልን ብቻ ያስባል፤ ወገቡም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከመዘንበልዎ በፊት መሬት ላይ ባለው እግር በኩል ያለውን መቀመጫዎን ጠበቅ ያድርጉ፤ የዳሌዎ ፊት ከፍ ይላል። ብሽሽትዎ ሲወጠር የሚሰማዎት ያኔ ነው፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ወደ ፊት መሄድ አያስፈልገውም። ለጉልበትዎ ብርድ ልብስ ያንጥፉለት።

ለመቀመጫ ጡንቻ የድልድይ ፖዝ (ሴቱ ባንዳሳና) ከሁሉም ይበልጣል። በጀርባ ተኝተው፣ ጉልበት አጥፈው፣ በተረከዝዎ መሬቱን እየገፉ ዳሌዎን ያንሱ። ከፍታው አያሳስብዎ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ በቂ ነው። ወገብዎ ላይ ጭነት ከተሰማዎት ከልክ በላይ አንስተዋል ማለት ነው። ለላይኛው ጀርባ ደግሞ ኮብራ (ቡጃንጋሳና)፦ በሆድ ተኝተው፣ መዳፍዎን ከደረትዎ ጎን አድርገው፣ ክርንዎ ታጥፎ ከጎንዎ ሳይርቅ ደረትዎን ብቻ ያንሱ። እጅዎን ለአፍታ ከመሬት ቢያነሱት ደረትዎ እዚያው መቆየት አለበት፤ ከወደቀ በእጅ ነበር የተገፋው። እንደ እርስዎ ጎንበስ ሲል የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ኮብራ ሲሠራ እፎይ ይላል፤ ወደ ኋላ ሲያቀና የሚያመው ሰው ግን ይህን ፖዝ ቢያልፈው ይሻላል።

ድመትና ላም የሚባለው፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን ማጉበጥና ማቅናት፣ ለማሟሟቂያ ነው፤ አንጓዎ ካመመዎት በጭብጥዎ ወይም በክንድዎ ይደገፉ። ጦረኛ ሁለት (ቪራባድራሳና)፣ እግርን በሰፊው ከፍቶ፣ የፊተኛውን ጉልበት አጥፎ፣ እጅን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግቶ መቆም፣ ጭንን ያጠነክራል፤ የፊተኛው ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ እንጂ ሌላ ብዙ የሚባል ነገር የለውም። በአንድ እግር የሚቆሙበት የዛፍ ፖዝ ለሚዛን ነው፤ የሌላውን እግር መዳፍ ከቋሚው እግር ጉልበት በላይ ወይም በታች እንጂ በራሱ በጉልበቱ ጎን ላይ አይጫኑት።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርጉት፦ ጥቂት ደቂቃ ተኝተው በአፍንጫ ረጋ ብለው ይተንፍሱ፤ ከዚያ ድመትና ላም ስምንት አሥር ጊዜ፤ ዝቅተኛው እርምጃ በየጎኑ አምስት ትንፋሽ፤ ቁልቁል የሚያይ ውሻ ግድግዳ ላይ ወይም መሬት ላይ፤ ጦረኛ ሁለት፤ ዛፍ፤ ኮብራ ሦስት ጊዜ፤ ድልድይ ሦስት ጊዜ፤ በቀበቶ የጭን መዘርጊያው፤ በመጨረሻ ሻቫሳና። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሥሩት። ለውጡን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠብቁ እንጂ በሁለተኛው ሳምንት እግርዎን ነክተው እንደሆነ አይለኩ። ይልቅስ ጫማ ማሠሩ፣ ከወንበር መነሳቱ፣ ጠዋት መቆሙ ቀለል ብሎዎት እንደሆነ ያስተውሉ።

ሻቫሳናን፣ ማለትም በጀርባ ተጋድሞ ምንም አለማድረግን፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባክዎ አይዝለሉት። ትንፋሽ ዝግ ሲል፣ በተለይ በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ሲወርድ፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ወደ እረፍት ያዘነብላል። በውጥረት የከረመ ጡንቻ የሚለቀው ያኔ ነው። ወገብዎ ከመሬት ተነስቶ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ትራስ ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ።

ጥቅሙ እውነት ወይ ብለዋል። ለወገብ ሕመም እውነት ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው መካከል ዮጋ ይገኝበታል። በዚያው ዓመት የወጣና 320 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም ለወገብ ሕመም ተብሎ የተዘጋጀ የ12 ሳምንት ዮጋ ከፊዚዮቴራፒ የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ እንደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይህን ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። ነገር ግን ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ ሕመሙን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴን ያቀላል፣ ተአምር አይሠራም። ሰውነትን መጠምዘዝ ጉበትን ጨምቆ መርዝ ያስወጣል የሚባለው ደግሞ ትክክል አይደለም፤ መርዙን የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ ለዚያም መጠምዘዝ አያስፈልጋቸውም። በዮጋ ተማምኖ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ከባድ አደጋ ነው፤ ይህን የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ። ደግሞም ረጋ ያለ ዮጋ ልብን ብዙም አያሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ስለዚህ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይጨምሩበት።

ይህን ምላሽ ሌሎችም ስለሚያነቡት፦ ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰው ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድባቸውን ፖዞች፣ ቁልቁል የሚያየውን ውሻ ጭምር፣ መተው አለበት፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራሉ። የደም ግፊቱ ያልተስተካከለለትም እንዲሁ ይጠንቀቅ፣ ትንፋሽም አይያዝ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ወገብን የሚያጎብጥ ጎንበስና ኃይለኛ መጠምዘዝ አይሥራ፤ የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ነፍሰ ጡር እናት በሆድ መተኛትንና ጥልቅ መጠምዘዝን ትተው፣ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላም በጀርባ ለረጅም ጊዜ ከመተኛት ይልቅ በጎን ይረፉ። በጭንቅላት መቆምንና የሎተስ አቀማመጥን ማንም ሰው ከቪዲዮ ባይጀምር ደስ ይለኛል። ሎተስ የሚጠይቀው የዳሌ መገጣጠሚያ መዞርን ነው፤ ዳሌው አልዞር ሲል ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ጉልበት ደግሞ ለመታጠፍ እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም።

እርስዎም የወገብዎ ሕመም ወደ እግርዎ እየወረደ ከመጣ፣ እግርዎ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለው ዮጋውን አቁመው ሐኪም ይታዩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም በመቀመጫዎና በብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለብዎት።

ከቻሉ ለጥቂት ጊዜ አስተማሪ ፊት ቢሠሩ ጥሩ ነው፤ የዳሌዎን መዞርና የመዳፍዎን አቀማመጥ ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልግዎታል። ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት ስለ ወገብዎና ስለ አንጓዎ ይንገሩት። ጀርባዎ ላይ ተጭኖ ወደ ታች ሊገፋዎት የሚሞክር ካጋጠመዎት «አይንኩኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ ሌላ አስተማሪም ይፈልጉ።